የጉራቻ እግር፣ የዳኜ ዓይን

ኅዳር 13

ትናንት ለሚካኤል ጉራቻን ጭኜ ሞላሌ ደርሼ ተመለስኩ። አዲሱን ልጓም አጥልቆ ሲሄድ መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየዋል። «አባትህ ያወረሱህ ይሄን ፈረስና ቁጣቸውን ነው» ትለኛለች አደይ። አደይ ሚስቴ ናት፤ ፈረሱን ትወደዋለች።

ልጓሙን የሠራልኝ ጎረቤታችን ዳኜ ነው፤ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድር ሰው። ስንት ልክፈል ስለው «ለልጄ ቆመውላት የለ፣ መምህር? እሱ ይበቃኛል» አለኝ። ልጁ ማዕረግ ስድስተኛ ክፍል ናት፤ አማርኛ የማስተምራት እኔ ነኝ። አምና አንዱ ባለጌ በዚያ በሚታወቀው ቃል ሰድቧት፣ ክፍሉ ፊት አቁሜ ይቅርታ አስጠይቄዋለሁ። ቃሉን እዚህም አልጽፈውም። በእጁ ሠርቶ የሚያድርን ሰው «በዓይኑ ሰው ይበላል» ማለት ድንቁርና ነው። ለተማሪዎቼ እንዲህ ነው የምላቸው።

ሁሉ ደህና ነበር እንግዲህ። ከሞላሌ ስንመለስ ዳኜ ከደጁ ቆሟል። ጉራቻን ከኮቴው እስከ ጋማው አየውና «ኧረ ይሄ ፈረስ ምን ያምራል! ሞላሌ ገበያ ሙሉ እንደሱ ያለ የለም» አለ። በቃ። ሰው እንዲህ ካለ በኋላ «ከዓይን ያውጣው» ይላል። ልጅም ይላል፣ ሽማግሌም ይላል። እሱ አላለም። ልጓሙን የማስተካክል መስዬ ቆሜ ጠበቅሁት። አላለም፤ ወደ መዶሻው ተመለሰ።

ረስቶት ይሆናል። እኔ ሰው አልጠረጥርም።

ዛሬ ጠዋት ግን ልቤ እምቢ አለኝ። በዓይን አላምንም፣ ይህ ይታወቅልኝ። ቢሆንም ማድረጉ ምን ይጎዳል? አንገቱ ላይ ክታብ ባንጠለጥልለት ዳኜ ያይና ይከፋዋል፤ ተማሪዎቼም አይተው ይሳሳቁብኛል። ስለዚህ የግራ የፊት እግሩ ላይ፣ ከኮቴው ከፍ ብሎ ጠጉሩ የሚሸፍነው ቦታ ላይ አሰርኩለት። አባቴ የሚያስሩት ጥቁር ክር ነበር። ክር ይበጠሳል ብዬ ከተበላሸው ሬዲዮ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መዘዝኩና ሁለት ዙር አዙሬ ቋጠርኩት። ጠጉሩን ስመልስበት ጭራሽ አይታይም። አደይ እንኳን አላየችም።

ታኅሣሥ 2

ውቂያ ላይ ነን። መጻፊያ ጊዜ የለም። ገብሱ ጥሩ ነው፣ ውርጩ ግን አጥንት ይሰብራል። ጉራቻ አውድማው ላይ ከበሬዎቹ እኩል ሲዞር ዋለ።

ዳኜ የተሳለ ማጭድ ሊያቀብል መጥቶ የጉራቻን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ማጭድ ሊያቀብል የመጣ ሰው ፈረስ ምን አስነካው?

ታኅሣሥ 11

ጉራቻ አነከሰ።

ታኅሣሥ 12

ግራ የፊት እግሩን ሲጥል ጭንቅላቱ ወደ ላይ ይላል። ታናሽ ወንድሜ ጌጡ መጣና አየው። «ጋሼ፣ ወርቹ ነው። ነፋስ ገብቶበታል፣ መተኮስ አለበት» አለ። ማጭድ አግሎ ትከሻው ላይ ሁለት ቦታ ተኮሰው። ጠጉሩ ሲሸት አደይ ቤት ገባች። እኔ ራሱን ይዤለት ነበር፤ ዓይኑን ሳየው አለቀስኩ። ለፈረስ አለቀሰ ይበሉኝ፤ አለቀስኩ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሽቦውን ፈለግሁት። የለም! ጠጉሩን ገለጥ ገለጥ ባደርግ ያገኘሁት እብጠት ብቻ ነው። ወድቋል ማለት ነው፤ ወንዝ ስንሻገር ይሆናል፣ ወይ አውድማው ላይ። መጀመሪያ ሽቦው ወደቀ፣ ከዚያ ፈረሱ አነከሰ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም አይጠፋውም። መከላከያው ሲነሳለት ጊዜ ገባ!

ማን እንደገባ አልጽፍም። እኔ ሰው አልጠረጥርም፤ የነገሩን ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጥኩት።

ታኅሣሥ 15

እበት በቅቤ ለውሼ እብጠቱ ላይ መረግሁለት፣ በጨርቅም አሰርኩት። አደይ «ቁስሉን ሳታይ ትመርጋለህ እንዴ?» አለች። ቁስል የለውም፣ እብጠት ነው አልኳት። ሁሉን አውቃለሁ ትላለች።

ማዕረግ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በደጃችን ጎራ አለች። «አባቴ ጉራቻ እንዴት አደረ ይላል።»

ደህና ነው በይው አልኳት።

ታኅሣሥ 21

የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወንድምአገኝ መጥቶ መርፌ ወጋው። ሲወጋው ብልቃጡን አንስቼ ቀኑን አየሁ፤ ጊዜው አላለፈም። ያለፈው ተቀድቶበት ከሆነስ ማን ያውቃል? ወንድምአገኝ ፊቴን አይቶ ገባውና «ጋሽ መሳፍንት፣ እኔንም?» ብሎ ሳቀ።

ሲሄድ አንድ ነገር ተናገረ። መሐል ሜዳ የመጡ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፣ ለፈረስና ለበቅሎ ራጅ የሚያነሳ መሣሪያ ይዘው በየወረዳው እየዞሩ ነው አለ። እኛ የእንስሳት ጤና ኬላ ድረስ እንዲመጡ እጠይቃቸዋለሁ አለ።

ራጅ ለፈረስ! ሰው ራጅ አጥቶ ስንት መከራ ያያል።

ግን ይምጡ። ራጅ አይዋሽም። ምን እንደተደረገበት ይታያል። ዓይን በራጅ ይታይ እንደሆነ እንጃ፤ መርፌ ከሆነ ግን ይታያል። ብረት የሚያውቅ ሰው መርፌ የት እንደሚሰካ ያውቃል። ማንንም አልጠራሁም።

ታኅሣሥ 30

ገና እንደ ገና አልሆነልኝም። ጌጡ ከነቤተሰቡ መጥቶ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ ተወው፣ ለጅብ ልቀቀውና ተገላገል። እያየኸው ከሚሰቃይ» አለ። በሦስት እግሩ የቆመ ፈረስ ምን ይሠራልሃል አለ። ጎድኑ ወጥቷል፣ ማን ይመግበዋል አለ። ይህን ሁሉ እያለ ዓይኑ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የአባታችን ኮርቻ ላይ ነበር። ያን ኮርቻ ሲመኝ ኖሯል። ፈረሱ ከሌለ ኮርቻው ምን ያደርግልሃል ሊለኝ ነው።

የተኮሰውስ አውቆ ቢሆን?

አደይን ብነግራት «አንተ ጥላህንም አታምን» አለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ጥር 4

መምህራን ማረፊያ ልገባ ስል ከውስጥ ሰማሁ።

«መሳፍንት ፈረሱን ራጅ ሊያስነሳ ነው አሉ!»

«እኔ እናቴን ራጅ ላስነሳ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሸክሜ ስንከራተት ነበር።»

«ውጤቱን በክላሴር ይዞልን ይመጣል!»

ስገባ ሁሉም ስለ ፈተና አወሩ።

ጥር 9

ዳኜን ሰላም ማለት ትቻለሁ። በላይኛው መንገድ ነው የምሄደው፤ የሚቀርበኝ በሱ በኩል ነው፣ ግን ይሻላል። ልጁ አሁንም በየቀኑ ትመጣለች። «አባቴ እንዴት አደረ ይላል።» ምነው ይህን ያህል አስጨነቀው? ምንም ያላደረገ ሰው በየቀኑ ይጠይቃል? ቢጠይቅም ራሱ ይመጣል እንጂ ልጅ ይልካል? ደግሞ ራሱ ቢመጣ አላስገባውም።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ማዕረግ እጇን አወጣች። ሌላ ልጅ ጠየቅሁ። አላየኋትም ነበር።

አይቻት ነበር።

ጥር 15

ጅብ ከግቢው አጥር ሥር ጮኸ። ሸትቶታል። ጉራቻ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ከኛ ጋር ነው የሚያድረው፤ አደይ ምንም አላለችም፣ ራሷ ነች ያነጠፈችለት። ዛሬ ገብስ ሰጥቼው አልበላም። ቁና የማይበቃው ፈረስ ነበር እኮ።

ሐኪሞቹ ካልመጡ ጌጡ ያለው ሊሆን ነው። እጄ የሚፈታው አይመስለኝም። አባቴ ሲሞቱ ውርንጭላ ነበር፣ «አደራ» ያሉኝ እሱን ነው።

ጥር 24

መጡ። ዛሬ የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ፣ ነገ ልቤ ሌላ ነገር እንዳይጨምርበት።

ጤና ኬላው ግቢ ሰው ሞላ። የፈረስ ራጅ የሚባል ነገር ለማየት ከዘመሮ ድረስ የመጣ ነበር። ዋናዋ ሐኪም ዶክተር ሳሌም ትባላለች። ቀጭን ልጅ ናት፣ ተማሪዬ ልትሆን ትችል ነበር። ምን ታውቃለች ብዬ ከአጠገቧ አልራቅሁም። መጀመሪያ ፈረሱን አስሄደችው፤ ቀጥሎ ጨርቁን ፈታችና እግሩን አሸተተችው። ዶክተር ሲያሸትት አይቼ አላውቅም።

«ይህን እበት ማነው የመረገበት?»

አደይ ወደኔ አየች። ሳሌም አጥባ አጥባ ስታበቃ ጠጉሩን ላጨችው። ዙሪያውን መግል የቋጠረ ቀጭን መስመር አለ። እኔ ያላየሁት! «ችግሩ ወርቹ ላይ አይደለም፣ እዚህ ነው» አለች። ጌጡ ከሰዉ ኋላ ሄዶ ቆመ። «ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ፣ አጥንቱም ተጎድቶ እንደሆነ በራጅ ማየት አለብኝ። አጥንቱን በልቶት ከሆነ ግን አልዋሽዎትም፣ የማድነው አይመስለኝም» አለችኝ።

መሣሪያው ቢጫ ሣጥን ነው፣ ከዳቦ ብዙም አይበልጥ። አንዱ ከእግሩ ጎን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይይዛል፣ ሌላው የፈረሱን ራስ ይይዛል፣ እሷ ከፊት ሆና ታነሳለች። ጉራቻ ግን እምቢ አለ። ሣጥኑን ሲያይ ተነሳበት፤ እኔ ብይዘው እኔንም ጎተተኝ። ማደንዘዣ ልትወጋው ስትጠጋ ጭራሽ ባሰበት። ያን ጊዜ ዳኜ ከሰዉ መሀል ወጣ። ማንም አልጠራውም። ከንፈሩን እንደማፏጨት አደረገና አንገቱን ሲይዘው ጉራቻ ራሱን ደረቱ ላይ ጣለ። እንደ ውሻ! ወር ሙሉ ለኔ እንዲህ አልሆነልኝም። ምን አድርጎለት ነው እንዲህ የታዘዘው አልኩ በልቤ።

የሚይዙት ሰዎች የእርሳስ ሽርጥ ይለብሳሉ፣ ጨረሩን ይከላከላል። ሳሌም «ይከብዳል» ስትለው ዳኜ «ሽርጥ የለመድኩት ነው» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሌሎቻችንን ወደ አጥሩ አስጠጉን።

ጠቅ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። እሷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮምፒውተር ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ብረት አለበት።»

ያን ጊዜ ቀና ብዬ ያየሁት ዳኜን ነው። አልኩኝ አይደል! መርፌ! አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ፣ ያ የማልጽፈው ቃል፣ ምላሴ ላይ ነበር።

«ይምጡ መምህር፣ ይዩት» ብላ ሥዕሉን አተለቀችው።

አጥንቱ ግራጫ ነጭ ሆኖ ይታያል። በሱ ላይ ከአጥንቱም የነጣ ቀጭን ነገር። ሁለት ዙር። ዳር ላይ ጥምዝ ያለች ቋጠሮ።

አፌን ዘጋሁ።

«ሽቦ ነው» አለች ሳሌም። «ቆዳው በላዩ አብጦ ውጦታል። እግዜር ይመስገን፣ አጥንቱን አልነካውም፤ ጥቂት ቢቆይ ግን ይቆርጠው ነበር። ይድናል!» ሰዉ እልል አለ። አደይ ክንዴን ያዘች፣ ከዚያ ለቀቀች።

ሳሌም ደብረ ብርሃን ከተማ ያደገች ልጅ ናት፣ ወደ ሰዉ ዞረችና «የፈረስ እግር ላይ ሽቦ ምን ሊያደርግ ይታሰራል?» ብላ ጠየቀች። እልልታው ጸጥ አለ። ወንድምአገኝ ጫማውን አየ። የሚያውቀው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሷ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ማንም ዳኜን አላየም። ሁሉም እሱን ላለማየት ሌላ ቦታ አዩ።

የመለሰላት እሱ ነው። ጉራቻን እንደያዘ፣ ሽርጡን እንደለበሰ።

«ለዓይን ነው፣ ዶክተር።»

«ለዓይን? የማን ዓይን?»

«የኔ» አለ ዳኜ።

እሷ አልገባትም፣ የቀለደ መስሏት ፈገግ አለች። መድኃኒቱን አዘጋጀችና እግሩን አደንዝዛ ሽቦውን ቆርጣ አወጣችው። እስክትጨርስ የጉራቻን ራስ የያዘው እሱ ነው። ሲያልቅ ሽርጡን አጥፎ መለሰላቸውና ሄደ። ወደኔ አላየም። ወደ ፈረሱም አላየም።

ሽቦውን ሳሌም በፋሻ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለማስታወሻ» ብላ።

ጥር 27

ጉራቻ ቆመ፣ ገብስ በላ! ቁስሉን በየቀኑ ማጠብ የኔ ሥራ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ጠየቁኝ፤ «ሽቦ ታስሮበት ኖሮ ነው» አልኳቸው። ቤት ገብቼ ይህንኑ ለአደይ ስነግራት «ታስሮበት?» አለችኝ፤ «ማን አሰረው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ዛሬ የትምህርቱ ተራ ተገብሮ ግስ ነበር፤ ሰበረ፣ ተሰበረ። አድራጊው ሳይጠራ ነገሩ ይነገራል ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ስዞር ማዕረግ እጇን አላወጣችም። ምሳሌ ስጪ አልኳት። ተነሳች።

«አየ፣ ታየ» አለችና ተቀመጠች።

ልክ ነው አልኩ። ልክ ነው።

የካቲት 6

ጉራቻን ጠዋት ጠዋት አስሄደዋለሁ፣ ሐኪሟ ባዘዘችው መሠረት። ወደ ታችኛው መንገድ ተመልሻለሁ፤ የሚቀርበኝ ነው። ማዕረግ ግን «እንዴት አደረ» ብላ መምጣት ትታለች።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። ከዳኜ ደጅ ስንደርስ መዶሻው ያቆማል። ሰውየው ብድግ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባና ካለፍን በኋላ እንደገና ይመታል። ትናንትም፣ ዛሬም። ምን የሚደብቀው ነገር አለው?

የካቲት 8

ይህንኑ ለአደይ አነሳሁባት። እንጀራውን አስቀመጠችና ትክ ብላ አየችኝ።

«መሳፍንት፣ ሰውየው ፈረስህን ላለማየት ነው የሚገባው።»

እንዲህ አድርጋ አትናገረኝም ነበር። ምሳዬን አልበላሁም።

የካቲት 23

ዛሬ ጉራቻ ጨርሶ አላነከሰም። ውጭ አስሬው ዙሪያውን ስዞር ቆየሁ፤ ከዚያ ልጓሙን አጠለቅሁለት፣ ያንን የዳኜን ልጓም። ኮርቻም ጫንኩበት፣ አልተቀመጥኩበትም ግን። እየጎተትኩ ወረድኩ። ምን እንደምለው መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር፤ ረዥም ነገር ነው፣ አስተማሪ አይደለሁ።

ከደጁ ስንደርስ መዶሻው ቆመ።

«ዳኜ!» አልኩ። «እስቲ ውጣና እየው!»

ጥቂት ቆይቶ ወጣ። ጋቢውን እስከ ቅንድቡ አውርዶታል፣ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

«እንዴት አደሩ፣ መምህር?»

«እግዜር ይመስገን። እየው እንጂ! አጠገብህ አይደል የቆመው?»

«ይቅር መምህር። በየጠዋቱ ስታልፉ ኮቴውን እሰማዋለሁ። ዛሬ አራቱም እኩል ናቸው።»

«እኔ እኮ...» አልኩ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋ።

«ደህና ከሆነ ይበቃል» አለ፣ እንደዚያው መሬት መሬት እያየ። «ከዓይን ያውጣው።»

ኅዳር ላይ ልጓም የማስተካክል መስዬ ቆሜ የጠበቅሁት ቃል ይህ ነበር። ሰጠኝ። ይልቅ ቢሰድበኝ ምናለ!

ጉራቻ ግን ምን ያውቃል? አንገቱን ዘርግቶ ዳኜን ትከሻው ላይ ሊያሸትተው ተጠጋ። እጄ ልጓሙን ወደ ኋላ ሳበችው። አላሰብኩትም፣ በራሷ ነው። ወዲያው ለቀቅሁት። ብረቱ ግን ተንኳኩቶ ነበር፤ ዳኜም ሰማው።